ካይኔዞች የማይክሮቲዩቡልን መገንባትና መፍረስ እንዴት ይቆጣጠራሉ?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የሽንኩርት ሥር ጫፍ በማይክሮስኮፕ ሳሳይ፣ ክሮሞዞሞችን የሚጎትቱት ክሮች ሕዋሱ ሲከፈል በፍጥነት እንዲገነቡ የሚያዛቸው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። «ካይኔዞች (ፎስፌትን በፕሮቲኖች ላይ የሚያያይዙ ኢንዛይሞች) ናቸው» ከማለት ያለፈ ማብራሪያ እሻለሁ።

መልስ (ባሕር ዳር)፦ መምህር፣ ተማሪዎችዎ መልካም ጥያቄ ጠይቀዋል። እነዚያ ክሮች ማይክሮቲዩቡሎች ናቸው፤ ማይክሮቲዩቡል ቲዩቡሊን ከተባለ ፕሮቲን ጥንዶች የሚገነባ፣ ወርዱ 25 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቱቦ ነው። ጫፉ ላይ ጂቲፒ የተባለውን ኃይል ሰጪ ሞለኪውል የያዘ የቲዩቡሊን ሽፋን እስካለ ድረስ ያድጋል፤ ያ ሽፋን ሲጠፋ ግን በድንገት ይፈርሳል። ተመራማሪዎቹ ሚቺሰንና ኪርሽነር ይህን ባሕርይ በ1984 እ.ኤ.አ. ገልጸውታል። ካይኔዞች አብዛኛውን ጊዜ የሚነኩት ቱቦውን ራሱን ሳይሆን በዙሪያው ያሉትን ፕሮቲኖች ነው። ለምሳሌ በእንስሳት ሕዋስ ስታትሚን የተባለው ፕሮቲን ሁለት የቲዩቡሊን ጥንዶችን ይዞ ከግንባታ ያስቀራል፤ በክፍፍል ጊዜ ሲዲኬ1 እና ሌሎች ካይኔዞች ፎስፌት ሲያያይዙበት ግን ይለቃቸዋል፤ ክሮቹም ያድጋሉ።

መልስ (ፍኖተ ሰላም)፦ ይሁንና ፎስፌት ሁልጊዜ ቱቦውን ያጠነክራል ተብሎ እንዳይወሰድ አደራ። በነርቭ ሕዋስ ውስጥ ማርክ የተባለው ካይኔዝ ታው በተሰኘው ደጋፊ ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ሲጨምር፣ ታው ከቱቦው ይላቀቃል፤ በአልዛይመር በሽታም ታው ከመጠን ያለፈ ፎስፌት ተሸክሞ ይገኛል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ፎስፌቱን መልሶ የሚያነሳውስ ምንድን ነው?

መልስ (ባሕር ዳር)፦ ፎስፋቴዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ናቸው፤ ክፍፍሉ ሲያበቃ ስታትሚን ቲዩቡሊንን መልሶ የሚይዘው በእነርሱ ሥራ ነው።