ሆሜሮ አሪድጂስን ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?

የብዕር እህት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሜክሲኮውን ደራሲና ገጣሚ የሆሜሮ አሪድጂስን ጥቂት ግጥሞች አንብቤ በጣም ወደድኳቸው። ስለ እሱ የበለጠ ለማወቅ ስፈልግ ግን የማገኘው ግማሹ ስለ ቢራቢሮ፣ ስለ ዓሣ ነባሪና ስለ አየር ብክለት ነው። ሰውዬው ገጣሚ ነው ወይስ የተፈጥሮ ተሟጋች? ሙግቱስ ጽሑፉን አልተሻማበትም? ከየትኛው መጽሐፍ ብጀምር ይሻለኛል?

ግጥም ወዳድ፦
እህቴ፣ ሁለቱን ለያይተሽ ካየሻቸው ሰውዬው ያመልጥሻል። እኔ ይህን ደራሲ ከልቤ ነው የምወደው፤ ትንሽ ባስረዝም ታገሺኝ።

አሪድጂስ የተወለደው በ1940 እ.ኤ.አ. ነው (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው ሚቾአካን ግዛት ውስጥ ያለች ኮንቴፔክ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። አባቱ ከትንሿ እስያ የፈለሰ ግሪካዊ፣ እናቱ ሜክሲኳዊት ናቸው። ለአምስት ወንድማማቾች የመጨረሻው እሱ ነው። ከከተማዋ በላይ አልታሚራኖ የሚባል ተራራ አለ። ብርዱ ሲገባ ሞናርክ ቢራቢሮዎች ከካናዳና ከአሜሪካ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በረው መጥተው እዚያ ይከርማሉ። ኦያሜል የሚባለውን ዛፍ ግንድና ቅርንጫፍ እስኪሸፍኑት ድረስ ተደራርበው ያርፉበታል። ፀሐይ ሲሞቃቸው ደግሞ ግር ብለው ይነሣሉ። ሳይንቲስቶች እነዚህን የሜክሲኮ ማደሪያዎች ያገኟቸው በ1975 ነው። ልጁ ሆሜሮ ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ የሰፈሩ ነገር አድርጎ እያያቸው አድጓል።

አሥር ዓመቱ ላይ ደግሞ ከሞት ተረፈ። ቤት ውስጥ የነበረውን ጠመንጃ አንስቶ በሚያልፉ ወፎች ላይ ሊተኩስ ያስብና ይተወዋል። ሊያስቀምጠው ሲል ባረቀበትና ሆዱን መታው። ማንበብና ግጥም መጻፍ የጀመረው ከዚህ አደጋ በኋላ ነው። ከአደጋው በፊት የነበረው የልጅነት ትዝታው ግን ጠፋበት። ትዝታው የተመለሰለት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ባለቤቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ባረገዘችበት ጊዜ በህልሙ ነው። ከዚያ የወጣው መጽሐፍ በ1971 የታተመው «ገጣሚው ልጅ» ነው። ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመችው ራሷ ደራሲ የሆነችው ልጁ ክሎዊ ናት። እኔን ከጠየቅሽኝ ከዚህ ጀምሪ። አጭር ነው፣ ደግሞም ሌሎቹ መጽሐፎች ሁሉ ከየት እንደመጡ ያሳይሻል።

አሁን ወደ ሙግቱ ልምጣ። የተራራው ዛፍ እየተቆረጠ ሲሄድ ያየው በገዛ ዓይኑ ነው። በ1985 «የመቶዎቹ ቡድን» የሚባለውን፣ አርቲስቶችና ምሁራን ለተፈጥሮ የሚሟገቱበትን ማኅበር መሠረተ። ደራሲዎቹ ኦክታቪዮ ፓዝ፣ ሁዋን ሩልፎና ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬስ እንዲሁም ሠዓሊው ሩፊኖ ታማዮ የመጀመሪያ መግለጫውን ከፈረሙት ውስጥ ነበሩ። የመጀመሪያ ጉዳያቸው የሜክሲኮ ሲቲ አየር ነበር። በዓመቱ፣ በ1986፣ መንግሥት የቢራቢሮዎቹን ማደሪያዎች በአዋጅ ከለለ። አልታሚራኖም ተካተተበት። በ1990 የባሕር ኤሊ ማጥመድና መሸጥ በመላው ሜክሲኮ ተከለከለ። ለዚህም ቡድኑ ብዙ ጮኋል።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የሳን ኢግናሲዮው ነው። ይህ በባሃ ካሊፎርኒያ ሱር ያለ የባሕር ወሽመጥ ነው፤ ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች መጥተው የሚወልዱበት። የሜክሲኮ መንግሥትና ሚትሱቢሺ በጋራ ግዙፍ የጨው ማምረቻ ሊሠሩበት አሰቡ። አሪድጂስ በ1995 ነገሩን በጋዜጣ አወጣው። ሙግቱ ዓለም አቀፍ ሆነ፤ በ2000 ፕሬዚዳንት ሴዲዮ ፕሮጀክቱን ሰረዙት። ያንን ሁሉ ዓመት ሰውዬው መጻፉን አላቆመም፤ ስለዚያው ዓሣ ነባሪም ግጥም አለው። ታዲያ ተሻማበት እንዴት ይባላል? ግጥሙ የሚያየውን ነው ሄዶ የተከራከረለት።

ታሪክ አንባቢ፦
በጻፍከው እስማማለሁ፣ በመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ግን አልስማማም። ልቦለድ የምትወድ ከሆነ በ1985 በወጣው «1492» ትጀምር። ባለታሪኩ ሁዋን ካቤሶን ክርስትና ከተቀበሉ አይሁድ ቤተሰብ የተወለደ ነው። ኢንኩዊዚሽን (መናፍቅ የተባለውን የሚያሳድደው የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት) የሚያሳድዳትን ኢሳቤልን ፍለጋ ስፔንን ከከተማ ከተማ ያስሳል። መጽሐፉ የሚያበቃው አይሁድ ከአገሪቱ በተባረሩበት ዓመት ነው። ገበያው፣ እስር ቤቱ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠቁምበት ፍርሃት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀጥሎ በ1988 በወጣው ልቦለድ ሁዋን ከኮሎምበስ ጋር ባሕር ይሻገራል፤ ኋላም የአዝቴኮች፣ የጥንቶቹ የሜክሲኮ ሰዎች፣ ከተማ ስትወድቅ ያያል። የተሰደደ ሰው ልጅ ስለ ስደት ሲጽፍ እንዲህ ነው። ተፈጥሮውን ብቻ ስናወራ ይህ ትልቅ ሥራው ይረሳብናል።

ግጥም ወዳድ፦
ልክ ነህ ወንድሜ፣ «1492» ትልቅ ሥራ ነው። ግን ደራሲውን ገና ለሚተዋወቅ ሰው ረጅም ነው፤ የቦታውና የሰው ስሙም ይበዛል። መጀመሪያ ድምፁን ትልመደው ብዬ ነው።

ዝምተኛ፦
ስለ መጪው ጊዜ የጻፈውን ማንም አላነሳም። በ1993 የታተመው «የፀሐዮቹ አፈ ታሪክ» የሚካሄደው በ2027 በሜክሲኮ ሲቲ ነው። ውሃው አልቋል፣ አየሩ ተመርዟል፣ ከተማዋ በመሬት መንቀጥቀጥ ትናጣለች። አዝቴኮች አምስተኛው ፀሐይ፣ ማለትም አሁን ያለንበት ዘመን፣ በመንቀጥቀጥ ይጠፋል ይሉ ነበርና ልቦለዱ የቆመው በዚያ ላይ ነው። በአየር ብክለት የተከራከረው ሰው የጻፈው መሆኑ በየገጹ ይታወቃል። እኔ ከዚህ ጀምሬ አልተቆጨሁም።

የብዕር እህት፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። «ገጣሚው ልጅን» አስቀድማለሁ፣ ከዚያ «1492»። ግጥም ብቻ ለሚፈልግ ሰውስ ምን ትላላችሁ? መጀመሪያ የወደድኩት ግጥሙን ነውና።

ግጥም ወዳድ፦
ሁለት ነገር ልንገርሽ። አንደኛው በ1964 የወጣው «ስትተኛ እያያት» ነው፤ አንድ ሰው የሚወዳትን ሴት ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ ሲመለከት የሚናገረው በስድ ንባብ የተጻፈ ግጥም። በ24 ዓመቱ ሃቪየር ቪያውሩቲያ የሚባለውን የሜክሲኮ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘበት ነው። ሁለተኛው ስፓኒሹና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን የታተሙበት የምርጥ ግጥሞቹ ስብስብ ነው። ስፓኒሽ ባታውቂም የግራውን ገጽ ድምፅሽን አውጥተሽ ሞክሪው። ብርሃን የሚለው ቃል ስንት ቦታ እንደሚመጣ ታያለሽ፤ የእሱ ግጥም ዞሮ ዞሮ ብርሃን ላይ ነው የሚያርፈው።