ለእናቴ ጉልበት የሚመች ትንሽ መኪና እንድመርጥ እርዱኝ
ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው፤ ነገር ግን በሱዙኪ ዲዛየርና በቶዮታ ያሪስ ሴዳን መካከል መወሰን አቅቶኛል። ለብቻዬ የምነዳው ቢሆን ኖሮ አላስቸግራችሁም ነበር። ጉልበቷን የሚያማትን እናቴን ከኋላ አስቀምጬ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እመላለሳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ዲዛየር የፊትና የኋላ ጎማ መሐል ያለው ርቀት 2,450 ሚሊ ሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 በፊት ተሠርቶ ከዱባይ በገባው ያሪስ 2,550። ይህ የ10 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ግን ሁሉም ለእግር ይተርፋል ማለት አይደለም፤ የፊት ወንበሩ ጀርባ ውፍረትም ይወስነዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ መቀመጫው ነው። ዝቅ ያለና አጭር ከሆነ ጭኗ ሳይደገፍ ይቀራል፤ ጉልበቷ ከመጠን በላይ ይታጠፋል፤ ስትወርድ ደግሞ መነሳት ያቅታታል። ሻጮች በር ከፍቶ ከማሳየት ያለፈ ጊዜ አይሰጡም፤ ምቾት ደግሞ የሚታወቀው ከሰዓት ጉዞ በኋላ ነው።

እባካችሁ፣ በሁለቱም ከኋላ ተቀምጣችሁ ረጅም መንገድ የሄዳችሁ ንገሩኝ፦ እንደ እኔ ቁመቱ 1.85 ሜትር የሆነ ሰው ሲነዳ ከጀርባው የተቀመጠው ጉልበቱ ወንበሩን ይነካዋል? መቀመጫውን በስፖንጅ ከፍ ያስደረገስ አለ? ጭንቅላት ጣሪያውን አልነካም?