ቁጥር 3 ላይ ያለው «ሁለት ችግኝ ይተከል» ይውጣ ወይስ ይቆይ? (የጋራ ሐሳባችን የመጀመሪያ ረቂቅ)

ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ደን ቆረጣ የምናቀርበው ሐሳብ ረቂቅ ትናንት ደርሷችኋል። ብዙ ሰው የጠየቀኝ ስለ ቁጥር 3 ነው። እንዲህ ይላል፦ «አንድ ቦታ ያለው ዛፍ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተጠርጎ ሲቆረጥ፣ በእያንዳንዱ ዛፍ ምትክ ሁለት ችግኝ ይተከል።» የምትጨምሩትንም የምትቀንሱትንም እዚሁ ጻፉ። ዓርብ ይዘጋል።

ከወፍ ቡድን
እኔ ይውጣ ባይ ነኝ። መትከል ክፉ ሆኖ አይደለም። ግን ቁጥር 3 የሚመልሰው እንጨቱን ነው፣ የእንስሳውን ቤት አይመልስም። ብዙ የደን ወፎችና የሌሊት ወፎች የሚኖሩት ያረጀ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ወይ ግንደ ቆርቁር ይፈለፍለዋል፣ ወይ ቅርንጫፍ ተሰብሮ ቦታው ቀስ እያለ ይበሰብሳል። ግንደ ቆርቁሩ ሲለቅ ሌላው ይገባበታል። ጉጉት ራሱ ቀዳዳ አይፈለፍልም፣ የተሠራ ቤት ነው የሚፈልገው። ትልቅ ቀዳዳ እስኪፈጠር ደግሞ አንዳንዱ ዛፍ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ሺህ ችግኝ ብንተክልም ለረጅም ጊዜ አንድ ቀዳዳ አናገኝም።

በዚያ ላይ ችግኞቹ ሁሉ እኩዮች ናቸው። አንድ ቁመት፣ አንድ ጥላ። ደን ግን አያትም፣ ልጅም፣ ሬሳም አብረው የሚኖሩበት ቤት ነው።

ገንዘብ ያዥ
ሬሳውን ምን አመጣው?

ከወፍ ቡድን
የሞተውን ዛፍ ማለቴ ነው። ፊንላንድ ውስጥ ደን ውስጥ ከሚኖሩት ዝርያዎች ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆኑት ሕይወታቸው ከሞተ እንጨት ጋር የተያያዘ ነው። አብዛኞቹ ጥንዚዛና ፈንገስ ናቸው፣ ለዚህ ነው ማንም የማያነሳቸው። ሁሉም ተቆርጦ ግንዱም ቅርንጫፉም ሲጋዝ እኛ «ቦታው ጸዳ» እንላለን። እነሱ ግን ቤታቸው ተራቆተ።

የቀድሞ የመጋዝ ሠራተኛ
ልጄ እውነቷን ነው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ዛፍ ስቆርጥ ነው። አንድ ቀን አንድ ትልቅ ዛፍ ጣልን። ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ነበር። መሬት ሲመታ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ውስጡ ባዶ! እዚያ ውስጥ ላባ ያላወጡ ሦስት ጫጩቶች ነበሩ። አንዷ እናቷ የመጣች መስሏት አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ጓደኛዬ መጋዙን አጥፍቶ ቁጭ አለ። አለቃችን መጥቶ ግንዱን አየና «ይሄማ ባዶ ነው፣ ተዉት» ብሎ ሄደ። እንጨቱን እንኳ አልወሰድነውም።

ግን ሁለት ነገር ልበል። መግቢያው ላይ «ጭፍጨፋ» የሚለውን አውጡት። በስድብ የጀመረ ወረቀት ሁለተኛ ገጹ አይነበብም። ደግሞ «የሞተ ዛፍ ይቆይ» ብላችሁ ዝም ካላችሁ ቆራጩ አይሰማችሁም። የደረቀ ዛፍ ሰው ይገድላል። ሥሩ ሆነህ ስትሠራ ቅርንጫፉ ድንገት ይወርድብሃል። መፍትሔው ለብቻው ቆሞ እንዲቀር አለማድረግ ነው። ዙሪያው ካሉት ዛፎች ጋር ባንድነት ይተው፣ እንደ ደሴት። ደሴቱ ውስጥ መጋዝ ይዞ የሚገባ ከሌለ የሚሞትም የለም።

ጸሐፊ
ጋሼ፣ «ጭፍጨፋ» ወጥቷል።

ከውሃ ቡድን
የሃባርድ ብሩክ ሙከራ ይግባ። አሜሪካ፣ ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1965 መጨረሻ ላይ የአንድ ትንሽ ተፋሰስ ዛፍ በሙሉ ተቆረጠ። በመጀመሪያው ዓመት ከተፋሰሱ የሚወጣው ውሃ 40 በመቶ ገደማ ጨመረ። ከአፈሩ ታጥቦ ውሃው ውስጥ የሚገባው ናይትሬት (ዛፍ የሚመገበው ንጥረ ነገር) ብዙ እጥፍ ሻቀበ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ሰብሳቢ
እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። እዚያ ከቆረጡ በኋላ ምንም እንዳይበቅል ለሦስት ዓመት ፀረ አረም ረጭተዋል። ተራ ቆረጣ እንደዚያ አይደለም። ይህን ሳንናገር ቁጥሩን ብቻ ብናስገባ አንድ አዋቂ ይነሳና ወረቀቱን በሙሉ ውድቅ ያደርግብናል። የጅረት ዳሩ ጥላ ግን ሙከራ አያስፈልገውም። ዛፉ ሲነሳ ውሃው ይሞቃል፣ ደለል ይገባል፣ ቀዝቃዛ ውሃ የለመደው ዓሣና እንቁራሪት ይጎዳል። እሱን ጻፉ።

አዲስ አባል
ይቅርታ፣ ገና አዲስ ነኝ። ግን ጠርጎ መቆረጡ የሚጠቅማቸው እንስሳት የሉም? አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ ኪርትላንድስ ዋርብለር የምትባል ትንሽ ወፍ አለች። ጎጆዋን የምትሠራው ጃክ ፓይን የሚባል ወጣት ጥድ ሥር ብቻ ነው፣ ዛፉ ካረጀ ትሄዳለች። የተረፈችው ሆን ተብሎ እየተቆረጠና እየተተከለላት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሊጠፉ ከተቃረቡት ዝርዝር ወጥታለች።

ከወፍ ቡድን
ጥሩ አድርገህ አመጣኸው፣ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለውም። እዚያ ድሮ ቦታውን የሚያድስላት እሳት ነበር፣ አሁን ቆረጣው ተካው። ስለዚህ «ጠርጎ መቁረጥ ሁሌም ጥፋት ነው» አንበል። ጥያቄው ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል የሚለው ነው።

ካሪቡ የሚባለውን የካናዳ አጋዘን ተመልከት። ተራራ ላይ የሚኖረው በክረምት የዛፍ ሽበት (ቅርንጫፍ ላይ የሚንጠለጠለውን ሊከን) ነው የሚበላው፣ እሱ ደግሞ የሚበዛው ያረጀ ደን ላይ ነው። ደኑ ሲቆረጥ ለምለም ቁጥቋጦ ይበቅላል። ቁጥቋጦውን ፍለጋ ሙስ የሚባለው ሌላ ግዙፍ አጋዘን ይመጣል። ሙስን ተከትሎ ተኩላ ይበዛል። ተኩላው መንገዱ ላይ ያገኘውን ካሪቡንም ይበላል። ቆረጣው ካሪቡን በቀጥታ አልነካውም፣ ግን ጠላቱን ጠራበት። ለእንጨት መጫኛ የተከፈተው መንገድ ደግሞ ለተኩላው አቋራጭ ሆነለት።

ገንዘብ ያዥ
ይሄ ራሱን የቻለ አንቀጽ ይሁን። እኔ እንኳን ገባኝ።

ከውሃ ቡድን
የጋሼ ደሴት ግን ምን ያህል ትሁን? ብራዚል፣ ማናውስ አጠገብ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቆራረጠ ደን እየተጠና ነው። ከጠርዙ 100 ሜትር ድረስ ነፋሱና ድርቀቱ ገብቶ ብዙ ዛፍ ይገድላል። በጣም ትንሽ ደሴት ሁለመናዋ ጠርዝ ነው ማለት ነው።

የቀድሞ የመጋዝ ሠራተኛ
እንግዲህ ትልቅ አድርጓት! ካልሆነም ከጅረቱ ዳር አያይዟት። እዚያ ለውሃው ተብሎ ይተው የለም እንዴ?

ሰብሳቢ
ይሄ ጥሩ ነው፣ አንድ ድንጋይ ሁለት ሥራ። አንድ የምጨምረው፦ «እንስሳቱ ይመለሳሉ» የሚል ቃል የትም አይግባ። የሰሜን ነጠብጣብ ጉጉት እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ የሕግ ጥበቃ አገኘ። በ1994 ትልቅ የደን ዕቅድ ወጣለት። ያም ሆኖ ቁጥሩ መውረዱ አልቆመም፣ ባርድ የተባለው ሌላ ጉጉት መጥቶ ቦታውን ይሻማዋል። ደኑ ባይቆይ ኖሮ የባሰ ይሆን ነበር። ግን ደን ብቻውን በቂ አልሆነም።

ጸሐፊ
አዲሱ ቁጥር 3፦ «ከቆረጣ በፊት ቀዳዳ ያላቸው፣ ያረጁና የሞቱ ዛፎች ምልክት ይደረግባቸው። ዙሪያቸው ካሉት ጋር በአንድነት ይተው፣ የሚቻል ከሆነም ከጅረት ዳር ጥላ ጋር ይገናኙ። የወደቀ ግንድ እዚያው ይቅር። የመጫኛ መንገድ ሥራው ሲያልቅ ይዘጋ።» መትከሉ ወደ ቁጥር 7 ወርዷል፣ «የተለያየ ዝርያ» የሚል ተጨምሮበታል። የሚቃወም?

ገንዘብ ያዥ
ተቃውሞ የለኝም። ምልክቱን የሚያደርገው ግን ማነው? ከውጭ ጤነኛ የሚመስለውን ባዶ ዛፍ ማን ይለየዋል?

የቀድሞ የመጋዝ ሠራተኛ
በመዶሻ ጀርባ መታ ስታደርገው ድምፁ ይነግርሃል። እኔ አለሁ፣ ሁለት ጉልበት ያላቸው ልጆች ስጡኝ።