የደሴ ጎርፍ፦ በዲች ይውረድ ወይስ ጦሳ ላይ ይያዝ?

ጠያቂው፦ ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ባለፈው እሁድ እድራችን ላይ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ፣ ከተማው ስለ ጎርፍ ሲያቅድ ዲቹን (የጎርፍ መውረጃ ቦዩን) ሁሉ በሲሚንቶ ገንብቶ ውሃውን ቶሎ ቦርከና ወንዝ ያድርስልን ይላል። ሌላው፣ ከመነሻው ጦሳ ተራራ ላይ ይያዝ ባይ ነው። እናንተስ?

የፒያሳው ባለሱቅ፦ ምን ያከራክራል? ዲች ይሠራ! ሐምሌ ላይ አንድ ሰዓት ከዘነበ ከላይ የሚወርደው ድንጋይ የሚያርፈው ሱቄ በር ላይ ነው።

የጦሳ ሥር ልጅ፦ አያ፣ ዲቹ እኮ አለ። የደፈነው ምን ይመስልሃል? ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ከተራራው የታጠበ አፈር። ሰፋ ብሎ ቢሠራ ሰፋ ብሎ ይደፈናል። ላይ እርከን ሠርተን ውሃው እዚያው ይስረግ፤ ምንጩም ይጎለብታል።

መሐንዲሱ፦ «ይስረግ» ላይ ትንሽ ላቁማችሁ። ለሌላ ከተማ ደግ ምክር ነው፤ ደሴ ላይ ግን ያሰጋል። ከተማችን በጦሳና በአዝዋ ተራሮች መካከል፣ አብዛኛው ሰፈር ከተራራ ተንዶ በተከማቸ አፈርና ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጠው። እንዲህ ያለ አፈር ውሃ ሲጠግብ ይከብዳል፣ እርስ በርስ መያያዙ ይላላል፣ ከዚያ ይንሸራተታል። ክረምቱ ሲገፋ ግድግዳ የሚሰነጠቀው፣ ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ የድንጋይ ግድግዳ) ሳይቀር ሆዱን የሚነፋው ለዚህ ነው። ከቤቶች በላይ ውሃ የሚያቁር ጉድጓድ መቆፈር ናዳ መጥራት ነው። የሚያዋጣው መቀልበሻ ቦይ ነው፦ ጎርፉን ከሰፈሩ በላይ ተቀብሎ፣ በዝግታ ወደ ጎን ወስዶ፣ ድንጋያማ ሸለቆ ውስጥ ይለቀዋል። ክትሩ (ትንሹ ግድብ) ሸለቆው ውስጥ ይሠራና ደለሉን ይይዛል።

የጦሳ ሥር ልጅ፦ ይሄን አላሰብኩትም። ግን የሲሚንቶው ዲችስ ሲሰነጠቅ ያው መሬት ውስጥ አይደል የሚያስገባው?

መሐንዲሱ፦ ልክ ነሽ፤ እንዲያውም ይብሳል። የሰፈሩን ውሃ ሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚያጠጣው። ዲች ሠርቶ በየዓመቱ አለመጠገን ካለመሥራት የሚከፋበት ቦታ አለ።

ኮምቦልቻ፦ ስትጨርሱ ለእኛም ንገሩን እንጂ! ቦርከና ደሴ ላይ አያልቅም። እናንተ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናችሁ፣ እኛ 1,850 አካባቢ። «ቶሎ አድርሱልን» ያላችሁት ጎርፍ የሚደርሰው እኛ ጋ ነው። በጋውን ሙሉ ዲች ውስጥ የተጠራቀመው ሁሉ፣ የጋራዥ ዘይቱም ቆሻሻውም፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጣለ ቀን አንድ ላይ ይወርዳል። የዚያን ቀን ውሃ መጥታችሁ ብታዩት!

የፒያሳው ባለሱቅ፦ ወርቃና ሌዮሌ ወንዞች የሚገባው የፋብሪካ ፍሳሽስ ከደሴ ነው የሚወርደው?

ኮምቦልቻ፦ አልክድም፣ እሱ የእኛ ዕዳ ነው። ከእኛ በታች ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ ጨፋ አሉ፤ በበጋ የአፋር ከብት ሳይቀር ጨፋ ይመጣል። ግን የፋብሪካ ቱቦ መውጫው ይታወቃል፤ ናሙና ተወስዶ ባለቤቱ ይጠየቃል። የዲቹን ቆሻሻ ማንን ልጠይቅበት?

የአምስት ልጆች እናት፦ እኔን ጠይቁኝ። የምኖረው መምጠጫ መኪና የማይገባበት ገደላማ ሰፈር ነው። ጎረቤቴ ዝናብ ጠብቆ የሽንት ቤቱን ይለቀዋል። ነውር ነው አልኩት። «ታዲያ የት ልውሰደው?» አለኝ። ወላሂ መልስ አጣሁ። ከላይም ውሃው ይቀልበስ፣ ከታችም ዲቹ ይሠራ፤ ይሄ ካልተያዘ ግን ቆንጆ ዲች ሠርታችሁ የጎረቤቴን ጣጣ ለኮምቦልቻ በፍጥነት መላክ ነው።

የፒያሳው ባለሱቅ፦ እህቴ፣ እውነት ነው። ዲቹን ግን አልተውኩም፤ ሐምሌ እስኪመጣ ብቻ ጠብቁ።

ጠያቂው፦ ለእድሩ መልሼ ላቀርበው ነው። መሐንዲሱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ መቀልበሻ ቦዩ የሰው ግቢ ካቋረጠስ?

መሐንዲሱ፦ ያቋርጣል። እድሩ የሚያስፈልገውም ለእሱ ነው፤ ከቁፋሮው በፊት የማን አጥር እንደሚፈርስ ተስማሙ።