ጎንደር ላይ ትንሽ ሥራ ለያዛችሁ፦ የት ልሂድ ለምትሉ ጥቆማ

ሰሞኑን ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «ትንሽ ሥራ ጀምሬያለሁ፣ ገንዘብም ደጋፊም ያስፈልገኛል፣ የት ልሂድ?» የማውቀውን ልጠቁም።

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ያበድራሉ?» ብሎ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የማየው ማንን እንደሚያስገቡና ማንን ደጅ እንደሚያስቀሩ ነው። ባል የሌላትን ሴት «ባልሽ ይምጣና ይፈርም» ብለው የመለሱበትን ቦታ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ቤት ሚሊዮን ቢያበድር ለእሷ ምን ይረባታል?

ለጉልት ቸርቻሪና ለጀብሎ ከሁሉ በፊት የምመክረው እቁብ ነው። ወለድ የለው፣ የቤት ካርታ አይጠይቅ። ቅዳሜ ገበያ መደብ ካላችሁ የጎረቤት ነጋዴዎችን ጠይቁ፤ የቀን ወይም የሳምንት እቁብ አይጠፋም። ግን ሁሉም እቁብ እኩል አይደለም። አንድ የልብስ ሰፊዎች እቁብ አለ፣ ከአባላቱ አንዱ መስማት የተሳነው ነው። ድሮ ዳኛው ዕጣውን ጮክ ብሎ ያነብባል፤ ልጁ የሰው ፊት እያየ ይገምታል። አሁን ጸሐፊው የወጣችውን ብጣሽ ወረቀት ዘርግቶ ለሁሉም ያሳያል፣ መዝገቡ ላይ ያለውን ስምም በጣቱ ያመለክታል። ለአንድ ሰው ተብሎ የተጀመረው ነገር ሁሉንም ጠቀመ፤ «ዕጣው ተቀይሯል» የሚለው ሐሜት ቀረ።

የእቁብ ችግሩ ዋስ ነው። ተፈናቅሎ የመጣ ወይም ለከተማው አዲስ የሆነ ሰው ማን ዋስ ይሆነዋል? ለእነሱ የምለው፦ «የመጨረሻውን ዕጣ እኔ ልውሰድ» ብላችሁ ግቡ። መጨረሻ የሚወስድ ሰው ጥሎ የጨረሰ ነው፣ የሚቀርበት ዕዳ የለም፣ ዋስም አያስፈልገውም። በዚያውም ትታወቃላችሁ፤ በሚቀጥለው ዙር ዋስ የሚሆናችሁ ሰው ታገኛላችሁ። የእቁብ ዳኞችም ይህችን መንገድ ክፍት አድርጓት እባካችሁ።

ከእቁብ ከፍ ያለ ብር ሲያስፈልግ ፀደይ ባንክን ጠይቁ። የድሮው አብቁተ፣ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ማለት ነው። በቡድን ዋስትና የማበደር የቆየ ልምድ አለው፤ አባላቱ እርስ በርስ ዋስ ይሆናሉ። ካርታ በስሟ ለሌላት ሴት ጥሩ በር ነው። ሆኖም አንዱ ሲሸሽ ሌሎቹ ይከፍላሉና ቡድኑን በዝምድና ብቻ አትመሥርቱ። ሲሸጥ ሲገዛ ያያችሁትን ሰው ምረጡ።

በስልክ የሚሰጠውን አነስተኛ ብድር፣ ቴሌብር መላን፣ ከዚህ ጋር የሚያወዳድሩ አሉ። ለእኔ ሌላ ነገር ነው። ዋስ አይጠይቅም፤ የምታገኙት ብር የሚወሰነው በቴሌብር ምን ያህል እንደተንቀሳቀሳችሁ ታይቶ ነው። ለአጭር ጊዜ ዕቃ መሙያ እንጂ ለማሽን መግዣ አይሆንም። ኢንተርኔት ሲጠፋ *127# ላይ መሥራቱ ደስ ይለኛል፤ በተራ ስልክም ይሄዳል። አንድ የሚያሳስበኝ አለ። ማንበብ የማይችሉ እናቶች የሚስጥር ቁጥራቸውን ለመንደር ልጅ ሲሰጡ አያለሁ። እታለም፣ ቁጥርሽን ለማንም አትስጪ። የተማራችሁ ደግሞ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ፣ ቁልፉን ራሳቸው እየተጫኑ አለማምዷቸው።

ወለድ ለማይነካ ነጋዴ፣ በተለይ አዲስ ዓለም አካባቢ ላላችሁ፣ የንግድ ባንክን ከወለድ ነፃ አገልግሎት፣ ሲቢኢ ኑርን፣ አስቡት። በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ይገዛና ትርፉን በግልጽ ነግሯችሁ፣ በየጊዜው እየከፈላችሁ እንድትጨርሱ ለእናንተው ይሸጠዋል። ጣቃ ጨርቅ ወይም የስፌት መኪና ለሚፈልግ ይስማማል። ጥሬ ብር ለቤት ኪራይ ለሚፈልግ ግን አይሆንም።

የትኛውም ባንክ ስትሄዱ ይህን ጠይቁ፦ «የሚንቀሳቀስ ንብረት በዋስትና ትይዛላችሁ?» አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽንም ከብትም እንዲያዝ ይፈቅዳል። ባንኮች አሁንም ቤት ይመርጣሉ። ቢሆንም መብቱን የሚያውቅ ደንበኛ ሲበዛ እነሱም ይለምዳሉ።

አሁን ልቤን ወደሚነካኝ ልምጣ። በደባርቅ መንገድ ወለቃ ላይ መንገድ ዳር ሸክላ የሚሸጡ ሴቶች አሉ። ድሮ ቤተ እስራኤሎች የሚታወቁበት ሥራ ነው፤ እነሱ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም ሸክላው አልቀረም። ሴቶች የሚሠለጥኑበት የእደ ጥበብ ማዕከልም እዚያው አለ። ጀበናም ምስልም ስትፈልጉ ከሠሪዋ እጅ ግዙ፣ ዋጋም አትስበሩባት። አፈሩን አምጥታ፣ አቡክታ፣ ቅርጽ አውጥታ፣ አድርቃ፣ ተኩሳ ነው እዚያ የደረሰችው፤ እሳት ላይ የሚሰነጠቀውም ኪሳራው የእሷ ነው።

ግን መግዛቱ ብቻ አይበቃም። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብ ይቁም ብለው አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ግን ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ሲባል ፊቱን የሚያዞር አለ። አብሯቸው ቡና የማይጠጣ አለ። እድርና እቁባችሁ ውስጥ ሸክላ ሠሪ ወይም ብረት ቀጥቃጭ አለ? ከሌለ ለምን እንደሌለ በሚቀጥለው ስብሰባ አንሡት። በዚህ ነገር አፍሮ ዝም ማለት አይገባም።

ለጥምቀት ሰሞን መሸጥ ለምታስቡ አጭር ጥቆማ፦ ጋቢና ነጠላ ከታኅሣሥ ጀምራችሁ አዘጋጁ፤ እንግዳው ቀድሞ ይገባል።

አካል ጉዳት ላለባችሁ ነጋዴዎች የጎንደር ዩኒቨርሲቲን ማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ ፕሮግራም ጠይቁ። ባለሱቆች ደግሞ የደጃችሁን ደረጃ እዩት። ዊልቸር ያለው ደንበኛ ከውጭ ሆኖ እየጮኸ ይገዛል። አንድ ጠንካራ ጣውላ ጋደም ማድረግ ነው፤ ማታ ታስገቡታላችሁ።

የዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌለው ሰው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። አከራይ ሲያስቸግራችሁ ወይም ሸሪክ ሲክዳችሁ ሂዱ። እንዲያውም ነገሩ ሳይበላሽ፣ የኪራይ ወይም የሽርክና ውል ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱን ይዛችሁ አስነብቡት። እናንተም የምታውቁት ቦታ ካለ ከሥር ጻፉልኝ፤ ማንን እንደሚያስተናግድ ጭምር።