ሊኑክስን ከዊንዶውስ ጎን ልጭን ስል ዲስኬ አይታይም፤ ከጫንኩ በኋላስ ከየት ልጀምር?

አዲስ ገቢ፦

ጤና ይስጥልኝ። ላለፉት ሦስት ሳምንታት ስለ ክፍት ምንጭ ስርዓተ ክወናዎች ሳነብ ቆይቼ ሊኑክስ ሚንትን ለመጫን ወስኛለሁ። ላፕቶፔ ለዊንዶውስ 11 ብቁ አይደለም ስለተባለ፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ደህና የሚሠራን ማሽን ዝም ብዬ ከምጥለው ሌላ ነገር ልሞክርበት ብዬ ነው። ሆኖም ለሥራ የሚያስፈልጉኝ ሁለት ፕሮግራሞች በዊንዶውስ ብቻ ስለሚሠሩ ሁለቱም ስርዓቶች በአንድ ዲስክ ላይ ጎን ለጎን እንዲኖሩ እፈልጋለሁ።

የሚንት መጫኛ ያለበትን የአይኤስኦ ፋይል አውርጄ፣ ሩፉስ በሚባል ፕሮግራም 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ጽፌ፣ ላፕቶፑን ስከፍት ኤፍ12ን ተጭኜ ከፍላሹ አስነሳሁት። ሳይጫን የሚሞከርበት ገጽታ ያለ እንከን መጣ፤ ዋይፋዩም፣ ድምፁም፣ የስክሪኑ ብርሃን ማስተካከያም ይሠራሉ። ችግሩ የተፈጠረው መጫን ስጀምር ነው። ዲስክ የሚመረጥበት ገጽ ላይ ስደርስ የሚታየኝ ያው ፍላሹ ብቻ ሲሆን፣ 256 ጊጋባይት የሆነው የላፕቶፑ የውስጥ ዲስክ (ኤንቪኤምኢ የሚባለው ዓይነት) ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ዊንዶውስ ግን እንደ ወትሮው ስለሚነሳ ዲስኩ ተበላሽቷል ለማለት አልቻልኩም።

ባዮስ (ስርዓተ ክወናው ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ቅንብር) ውስጥ ገብቼ ሳይ «ሳታ ኦፕሬሽን» ከሚለው ሥር «ሬድ ኦን» ተመርጧል። አንድ ቪዲዮ ይህን ወደ «ኤኤችሲአይ» ቀይሩት ይላል፤ ነገር ግን ከቪዲዮው ሥር፣ ከቀየሩ በኋላ ዊንዶውስ አልነሳ ያላቸው ሰዎች ሲያማርሩ ስላነበብኩ እጄን ሰበሰብኩ። ሳልፈራ እንዴት ልቀይረው? ሁለተኛው ጥያቄዬ ደግሞ፣ ከተሳካልኝ በኋላ መማር የምጀምረው ከየት ነው? ተርሚናል የሚሉትን ጥቁር መስኮት በከፈትኩ ቁጥር ምን እንደምጽፍበት ሳላውቅ መልሼ እዘጋዋለሁ።

ሥረ ነገር፦

እጅዎን መሰብሰብዎ በጅቶዎታል። የዲስኩ አለመታየት የዲስኩም የሚንትም ጥፋት አይደለም። «ሬድ ኦን» በሚለው ቅንብር የኢንቴል መቆጣጠሪያ የኤንቪኤምኢ ዲስኩን ከራሱ ጀርባ ደብቆ ይይዘዋል። ዊንዶውስ ለዚሁ የተሠራ የኢንቴል ድራይቨር (ስርዓቱን ከዕቃው ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ስላለው መጋረጃውን ገልጦ ይገባል፤ የሊኑክስ ከርነል (የስርዓቱ አስኳል) ግን ያ ድራይቨር ስለሌለው ከመጋረጃው ወዲህ ቆሞ ይቀራል። ወደ «ኤኤችሲአይ» ሲቀየር ዲስኩ ለሁሉም በግልጽ ይታያል።

ቪዲዮው ያሳየው ነገር ትክክል ነው፤ የዘለለው ዝግጅቱን ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ዲስኩን ለማንበብ የሚጠራው እስከ ዛሬ የለመደውን ድራይቨር ብቻ ስለሆነ፣ ቅንብሩ በድንገት ሲቀየርበት የራሱን ዲስክ ማግኘት ያቅተውና ሰማያዊ ስክሪን ላይ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ይቆማል። በሴፍ ሞድ ሲነሳ ግን መሠረታዊ ድራይቨሮቹን ሁሉ ስለሚያስነሳ በአዲሱ ቅንብር ዲስኩን ያገኘዋል፤ አንድ ጊዜ በዚያ መንገድ ከተነሳ ደግሞ በሚቀጥለው በመደበኛው አነሳስም አይጠፋበትም። ሙሉው ዘዴ ይኸው ነው።

ስለዚህ ባዮስን ከመንካትዎ በፊት ዊንዶውስ ውስጥ ሆነው ቢትሎከር (ዲስኩን በቁልፍ የሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ) መብራቱን ይመልከቱ። በርቶ ከሆነ ለጊዜው ያግዱት፤ 48 አኃዝ ያለውን የመመለሻ ቁልፍም ከዚህ ላፕቶፕ ውጭ፣ ወረቀት ላይም ቢሆን ይጻፉት። የዲስኩ ቁልፍ ከማሽኑ የአነሳስ ሁኔታ ጋር ስለሚታሰር ባዮስ ውስጥ የሚደረግ ለውጥ ስርዓቱን አስጠርጥሮት ቁልፉን ሊጠይቅዎት ይችላል፤ ያን ጊዜ ቁልፉ የተቀመጠው በተቆለፈው ዲስክ ውስጥ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ከዚያ በመፈለጊያው ላይ «ኤምኤስኮንፊግ» (msconfig) ብለው ከፍተው «ቡት» በሚለው ትር ሥር «ሴፍ ቡት» ላይ ምልክት ያድርጉና ማሽኑን ዳግም ያስነሱት፤ ነገር ግን ዊንዶውስ እስኪነሳ ሳይጠብቁ በቀጥታ ባዮስ ውስጥ ገብተው ቅንብሩን ወደ «ኤኤችሲአይ» ይቀይሩና ያስቀምጡት። ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ሲነሳልዎት ምልክቱን አንስተው እንደገና ያስነሱት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናቅፍ አንድ ትንሽ ነገር አለ፦ ሴፍ ሞድ ውስጥ አጭሩ ፒን ላይቀበልዎት ስለሚችል የአካውንትዎን ሙሉ የይለፍ ቃል አስቀድመው ያረጋግጡ።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባለውን ያጥፉት፤ ካልጠፋ ዊንዶውስ ሲዘጋ በእርግጥ ስለማይዘጋ፣ ከሊኑክስ ሆነው የዊንዶውሱን ክፋይ ማንበብ እንጂ በላዩ ላይ መጻፍ ሊከለከሉ ይችላሉ። ለሊኑክስ የሚሆን ቦታ እንዲገኝ የዊንዶውሱን ክፋይ ከዊንዶውሱ ዲስክ ማኔጅመንት ሆነው ያጥብቡ እንጂ በሚንት መጫኛ እንዲጠብ አያድርጉ። ሚንት ከ20 ጊጋባይት ጀምሮ ይጫናል፤ እኔ ግን ከእርስዎ ዲስክ ላይ ቢያንስ 60 እሰጠው ነበር። የተገኘውን ቦታ ፎርማት ሳያደርጉ ባዶውን ይተዉት፣ መጫኛው ራሱ ያገኘዋል። መጀመሪያ አካባቢ ያለችውን በፋት32 የተዘጋጀች ትንሽ ክፋይ ግን ምንም ቢሆን እንዳይሰርዟት፣ ፎርማትም እንዳያደርጓት፤ ሁለቱም ስርዓቶች የሚነሱት ከእሷ ነው።

የተቃጠለ፦

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምለየው በቅደም ተከተሉ ነው። አንድ ላፕቶፕ ብቻ ያለው፣ ያውም ሥራው ያለበት ሰው፣ የመጀመሪያ ልምምዱን በዚያው ዲስክ ላይ ባያደርግ እመርጣለሁ።

ምክንያቴን ልንገርዎት። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የጫንኩት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ደክሞኝ ነበር። መጫኛው «ዲስኩን አጥፍቶ መጫን» የሚል ምርጫ ሲያቀርብልኝ፣ ዲስክ የሚለው ከአንድ ሰዓት በፊት ያዘጋጀሁትን ባዶ ክፋይ መስሎኝ «ቀጥል» አልኩ። ማረጋገጫም ጠይቆኝ ነበር፤ አላነበብኩትም። የአራት ዓመት ፎቶግራፍና ጽሑፍ የጠፋው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። መጠባበቂያ ቅጂ ነበረኝ ብዬ ስጽናና ደግሞ፣ የውጭ ዲስኩን ስከፍተው ፎልደሮቹ አሉ፣ ውስጣቸው ግን ባዶ ነው፤ ለካ ቅጂው መሐል ላይ ተቋርጦ ሳላየው ቀርቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የገለበጥኩትን ነገር ሌላ ማሽን ላይ ሰክቼ፣ ቢያንስ አሥር ያህል ፋይሎች ከተለያየ ቦታ ከፍቼ ሳላይ ዲስክ የሚነካ ሥራ አልጀምርም።

ስለዚህ መጀመሪያ ዊንዶውሱ ላይ ቨርቿልቦክስን (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስመስለውን ፕሮግራም) ይጫኑ፤ 4 ጊጋባይት ሜሞሪና 25 ጊጋባይት ቦታ ሰጥተው ሚንትን እዚያ ውስጥ አንዴ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ይጫኑት። በሦስተኛው የመጫኛው ገጾች እንደሚያውቁት ሰፈር ይሆኑልዎታል፤ እያንዳንዱ ምርጫ ምን እንደሚያስከትልም ሆን ብለው እያበላሹ ያዩታል። እርግጥ ቨርቿል ማሽን የሬዱን ችግር አያሳይዎትም፣ ዋይፋዩንም አያስፈትሽም፤ ለዚያ ፍላሹ በቂ ነው።

ደግሞም ያወረዱትን አይኤስኦ የሻ256 ድምር (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) ከሚንት ድረ ገጽ ላይ ካለው ጋር አስተያይተውታል? አልጠቀሱትም። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉ ሲወርድ ተበላሽቷል ማለት ስለሆነ እንደገና ያውርዱት። የተበላሸ ፋይል መጫኑን ጀምሮ መሐል ላይ ሲቆም ያለው ንዴት የሁለት ደቂቃውን ማጣራት ያስመኛል።

ዘገምተኛ፦

እኔ ሁለተኛውን ጥያቄ ልመልስ፤ የመጀመሪያው በቂ ሰው አግኝቷል።

ከዊንዶውስ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው በተርሚናሉ ሳይሆን ፕሮግራም በሚገኝበት መንገድ ነው። ድረ ገጽ ለድረ ገጽ ዞሮ የኢኤክስኢ ፋይል እያወረደ መጫን ስለለመደ እዚህም ያንኑ ይፈልጋል። በሚንት ግን ፕሮግራሙ የሚመጣው ከራሱ ከሚንት ማከማቻ ነው፤ ሶፍትዌር ማናጀር የሚለውን ከፍቶ መፈለግ፣ መጫን፣ ካልተፈለገም ማንሳት ይቻላል፤ አፕዴቱም ከስርዓቱ ጋር አብሮ ይመጣል። የመጀመሪያውን ሳምንት ተርሚናል ሳይነኩ በዚህ ብቻ ቢያሳልፉት ምንም የሚቀርብዎት ነገር የለም። ብቻ በመጀመሪያው ቀን ታይምሺፍትን ያዘጋጁት፤ አንድ ነገር ሲበላሽ ስርዓቱን ወደ ትናንቱ ይመልስልዎታል። የግል ፋይሎችዎን ግን በተለመደው ቅንብሩ እንደማይይዝ ልብ ይበሉ፤ ለእነሱ የተለየ ቅጂ ያስፈልጋል።

ተርሚናሉን የሚከፍቱት ኮንትሮል፣ ኦልትና ቲን አንድ ላይ በመጫን ነው። የሚያዩት መስመር የእርስዎን መጠሪያ፣ የማሽኑን ስም፣ ከዚያም ያሉበትን ፎልደር ይነግርዎታል፤ መስመሩ የዶላር ምልክት ላይ ሲያበቃ የእርስዎን ትእዛዝ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። «ፒደብሊውዲ» (pwd) የት እንዳሉ፣ «ኤልኤስ» (ls) እዚያ ምን እንዳለ ይነግራል፤ «ሲዲ» (cd) ወደ ሌላ ፎልደር ይወስዳል። በእነዚህ በሦስቱ ብቻ አንድ ምሽት ሙሉ በዲስኩ ውስጥ እየተዘዋወሩ ቢመለከቱ የሚያበላሹት ነገር የለም። የፎልደሩን ስም ሁለት ሦስት ፊደል ጽፈው ታብን ሲጫኑ ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል፤ ካልሞላው ወይ ስሙ የለም፣ ወይ የሚመሳሰሉ ሁለት ስሞች አሉ፣ ወይ ደግሞ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አደባልቀዋል፤ ሊኑክስ ሁለቱን እንደ ተለያየ ስም ነው የሚቆጥራቸው።

«ሱዶ አፕት አፕዴት» (sudo apt update፤ «ሱዶ» ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስፈጽማል) ብለው ሲጽፉ የይለፍ ቃል ይጠየቃሉ፤ ሲጽፉት ግን ኮከብም ነጥብም ላይታይ ይችላል። ኪቦርዱ ተበላሽቶ አይደለም፤ ጽፈው ይጨርሱና ኢንተርን ይጫኑ። እዚያው መስኮት ላይ ጽሑፍ ለመቅዳት ኮንትሮልና ሲን መጫን ደግሞ አይቀዳም፤ የሚሠራውን ፕሮግራም ያቋርጣል። ለመቅዳት ሺፍትም ይጨመርበታል። «አርኤም» (rm) የሚለው ትእዛዝ የሰረዘው ፋይል ወደ ቆሻሻ መጣያው አይሄድም፣ በዚያው ይጠፋል፤ ስለዚህ ከኢንተርኔት ያገኙትን «ሱዶ» እና «አርኤም» ያለበት መስመር እያንዳንዱ ቃል ምን እንደሚያደርግ ሳያውቁ አይለጥፉ። ለማወቅ «ማን» (man) ብለው የትእዛዙን ስም ያስከትሉ፤ መመሪያው ይከፈታል፣ ሲበቃዎት በኪው ይወጣሉ። መመሪያዎቹ ደረቅ ናቸው፤ እኔም እስካሁን አንዱንም ከዳር እስከ ዳር አላነበብኩም፣ የምፈልገውን አማራጭ ብቻ ፈልጌ እወጣለሁ።

መልስ ሲፈልጉ የሚጠቅምዎት አንድ የዘር ሐረግም አለ። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ያስተዋወቀው ሊኑክስ በጥብቅ አነጋገር ከርነሉ ብቻ ሲሆን፣ በዙሪያው ያሉት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ካወጀው ከግኑ ፕሮጀክት የመጡ ናቸው። እነዚህን አቀናጅተው ከሚያቀርቡት አንዱ በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን ነው፤ በ2004 የወጣው ኡቡንቱ የተሠራው በዴቢያን ላይ፣ ሚንት ደግሞ በኡቡንቱ ላይ ነው። ስለዚህ ለሚንት መልስ ሲያጡ ለኡቡንቱ የተጻፈውን ይፈልጉ፣ አብዛኛው ይሠራል፤ ፌዶራ ወይም አርች ለሚባሉት ሌሎች የሊኑክስ ዓይነቶች የተጻፈውን ግን ይለፉት፣ ፕሮግራም የሚጭኑበት ትእዛዝ እንኳ የተለየ ነው። የጽሑፉን ዓመትም ይመልከቱ።

አዲስ ገቢ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የ«የተቃጠለን» ምክር ሰምቼ ቨርቿልቦክስ ላይ ሁለት ጊዜ ጭኜ፣ ፋይሎቼን ገልብጬና ሌላ ማሽን ላይ ከፍቼ ካየሁ በኋላ ትናንት ወደ ዋናው ገባሁ። ሴፍ ሞድ በእርግጥም ፒኔን አልቀበልም አለኝ፤ የይለፍ ቃሉን አስቀድሜ ባላረጋግጥ ኖሮ እዚያው እቀር ነበር። ዲስኩ ታየ፣ ሚንት ተጫነ፣ ሲነሳም ሁለቱን ስርዓቶች ያስመርጠኛል።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ሚንትን ተጠቅሜ ወደ ዊንዶውስ ስመለስ ሰዓቱ በብዙ ተዛብቶ አገኘዋለሁ፤ አስተካክዬው ወደ ሚንት ስገባ ደግሞ የሚንቱ ይዛባል። ሌላው አሳፋሪ ነው፦ አፕዴቱ እየሄደ ሳለ አንድ መስመር ልቀዳ ብዬ፣ ተነግሮኝም ሳለ፣ ኮንትሮልና ሲን ተጫንኩ። ከዚያ ወዲህ ምንም ፕሮግራም ልጭን ስል ዲፒኬጂ (ፕሮግራሞችን የሚጭነው መሣሪያ) ተቋርጧል ይለኛል።

ዘገምተኛ፦

ያላደረገው የለም፣ አይፈሩ። «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» (sudo dpkg --configure -a) ብለው ይጻፉ፤ በመሐል የተቋረጠውን ካቆመበት አንስቶ ይጨርሰዋል። ከዚያ «ሱዶ አፕት አፕግሬድ» (sudo apt upgrade) ብለው አፕዴቱን ይቀጥሉ፤ ይህኛውን ሳይነኩት ይጠብቁት።

ሥረ ነገር፦

ሰዓቱን በተመለከተ፦ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሰዓት አንዲት ናት፤ ሊኑክስ ዓለም አቀፉን ሰዓት እንደያዘች ቆጥሮ የአካባቢውን ልዩነት ራሱ ሲደምርበት፣ ዊንዶውስ ግን የአካባቢውን ሰዓት እንዳለ ይጽፍባታል። ስለዚህ አንዱ ያስተካከለውን ሌላው ያዛባዋል። ከሁለቱ አንዱን ማስማማት ይበቃል፤ ቀላሉ ሚንት ላይ «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1» (timedatectl set-local-rtc 1) ብሎ እንደ ዊንዶውሱ እንዲያነብ ማድረግ ነው። ስርዓቱ ይህ አሠራር እንደማይመከር የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ሊያሳይዎት ይችላል፤ ሁለት ስርዓት በአንድ ማሽን ላይ ላለው ሰው ግን ይሠራል። ዊንዶውሱን ከማሽኑ ያጠፉት ዕለት 1ን በ0 ተክተው ይመልሱታል።