ለቅሶ ደርሼ ያፈርኩ ጎረቤት ነኝ፣ ምከሩኝ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ፊት ለፊቴ ያሉት እማማ ሙስሊም ናቸው። ባለቤታቸው አርፈው በዚያው ቀን ተቀበሩ። እኔ እንደለመድኩት ደረቴን እየደቃሁ ገባሁ። ቤቱ ጭጭ ብሏል። ልጃቸው እጄን ቀስ አድርጋ ያዘችና "እኛ ጋ ጮሆ ማልቀስ አይወደድም" አለችኝ። ምነው መሬት በዋጠችኝ!

አሁን እማማ ኢዳ (ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት የምትቆይበት የሐዘን ጊዜ) ላይ ናቸው፤ 4 ወር ከ10 ቀን። ከቤት ብዙም አይወጡም። ያለሳቸው ቡናዬም አልጥም አለኝ።

ምን ይዤ ልሂድ? የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበሉ አውቃለሁ። ሽሮስ በእኔ ድስት ቢሠራ? (ያው ሥጋም የተሠራበት ድስት ነው።) ባለቤቴስ ገብቶ "አይዞዎት" ቢላቸው ነውር ይሆን? ልጅቷን እንዳልጠይቅ አፍሬያለሁ። የምታውቁ ንገሩኝ፣ ቅዳሜ ልሄድ ነው።